ከውጭ የሚመጣ ውድ የእንጨት ሥራ ራውተር ልግዛ ወይስ በያዝኩት ልቀጥል? ለአንድ የፍኖተ ሰላም አናጢ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ፍኖተ ሰላም ላይ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ባለ ፓኔል የዋንዛ በር፣ ቁም ሣጥንና አልጋ እሠራለሁ፤ ሰሞኑን ደግሞ የኤምዲኤፍ የኪችን ካቢኔት ትእዛዝ በዝቶልኛል። የያዝኩት ራውተር (እንጨት ላይ ቦይና ጠርዝ ማውጫ ማሽን) በማኪታ 3612 አምሳል የተሠራ የቻይና ማሽን ነው። እንጨት ያቃጥላል፣ ቢቱ (የሚገጠምለት መቁረጫ) አንዳንዴ ከቦታው ይንሸራተታል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አቅም ያንሰዋል። ውጭ አገር ያለ ወዳጄ የጀርመኑን ፌስቱል ኦኤፍ 1400 ሊያመጣልኝ ይችላል፤ ዋጋው ግን አሁን ካለኝ ማሽን ብዙ እጥፍ ነው። ብገዛው ያዋጣኛል?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ ችግሩን ለይተው ስለጻፉልኝ ምላሽ ለመስጠት አልተቸገርኩም። መደምደሚያዬን አስቀድሜ ልንገርዎትና ምክንያቱን በየተራ ላስረዳ። ከዘረዘሯቸው ሦስት ችግሮች መካከል ውድ ማሽን በመግዛት ብቻ የሚፈታ አንድም የለም። ሦስቱም በአብዛኛው የሚመነጩት ከቢቱ፣ ቢቱን ነክሶ ከሚይዘው ኮሌትና ወደ ማሽኑ ከሚደርሰው ኤሌክትሪክ ነው። እነዚህን ሳያስተካክሉ ኦኤፍ 1400 ቢገዙ አዲሱም ማሽን እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በዚያው ገመድ፣ በዚያው ደነዝ ቢት እንጨቱን ያቃጥልብዎታል። ይሁን እንጂ ባለ ፓኔል በር እሠራለሁ ማለትዎ ማሽን ለመቀየር በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ እሱንም ቢሆን የሚመልሰው ወዳጅዎ ሊያመጣልዎት ያሰበው ማሽን አይደለም።

በመጀመሪያ ማቃጠሉን እንመልከት። የ3612 ዓይነት ራውተር ፍጥነቱ የማይቀየር ሲሆን በደቂቃ 22,000 ዙር ይዞራል። ባለ ሁለት ስለት ቢት ከተገጠመለት በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንጨቱን 44,000 ጊዜ ይነካል ማለት ነው። ማሽኑን በደቂቃ 3 ሜትር ያህል ቢገፉት እያንዳንዱ ስለት 0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቆርጣል፤ በደቂቃ 1 ሜትር ብቻ ቢገፉት ግን የሚደርሰው ከ0.02 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ይህን ያህል የሳሳ ነገር ስለቱ አይቆርጠውም፤ ያሸዋል እንጂ። የታሸ እንጨት ይግላል፣ ይጠቁራል፣ ስለቱንም ይዞት ይበላሻል። ብዙ ባለሙያዎች የተቃጠለ መስመር ሲያዩ ይበልጥ ይጠነቀቁና ቀስ ብለው መግፋት ይጀምራሉ፤ ውጤቱም የባሰ ይሆናል። ትክክለኛው አካሄድ ጥልቀቱን መቀነስና ግፊቱን ማፍጠን ነው። በ12 ሚሊ ሜትር ቢት በዋንዛ ላይ 18 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ማውጣት ካስፈለገ በአንድ ጊዜ ሳይሆን 6፣ 6 ሚሊ ሜትር እየወረዱ በሦስት ዙር ማውጣት፣ በየዙሩም ሳያቋርጡ መግፋት፣ ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ደግሞ ማሽኑ እየዞረ ቆም አለማለት ያስፈልጋል። ማዕዘን ላይ የሚታየው ክብ ጥቁረት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚመጣው እጅ ለአቅጣጫ ለውጥ ቆም ከሚልባት ቅጽበት ነው።

ግፊቱ ትክክል ሆኖም ካቃጠለ ስለቱን ይመርምሩ። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው ቢቱን ያውጡና ስለቱን በአውራ ጣትዎ ጥፍር ላይ አስተኝተው ሳይጫኑ ይጎትቱት። ስለታም ከሆነ ከጥፍሩ ላይ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ፍቆ ያነሣል፤ ከተንሸራተተ ደንዟል ማለት ነው። የኤምዲኤፍ ሥራ እንደበዛልዎት ነግረውኛል፤ ኤምዲኤፍ ደቅቆ በሙጫ የተጋገረ የእንጨት ጭረት ስለሆነ ሙጫው የብረት ስለትን በፍጥነት ይበላል። ተራ የብረት ቢት ዋንዛን ደህና አድርጎ ቢቆርጥም በኤምዲኤፍ ላይ ጥቂት ከሠራ በኋላ ይደነዝዛል፤ ከዚያ ወደ ዋንዛው ሲመለሱ ማቃጠል ይጀምራል። ስለዚህ ለኤምዲኤፍ የካርባይድ (ከተራ ብረት እጅግ የጠነከረ ቁስ) ስለት ያለው ቢት ለብቻ ይያዙ፤ ከዋንዛው ቢት ጋርም አያደባልቁት። ጽድና የፈረንጅ ጽድ ሲሠሩ ደግሞ ሙጫቸው ስለቱ ጀርባ ላይ ተጋግሮ የደነዘዘ ያስመስለዋል። እንዲህ ያለውን ቢት ከመጣልዎ በፊት በላምባ ነክረው በነሐስ ብሩሽ ይጥረጉት፤ ብዙ ጊዜ ስለቱ ከሥር ደህና ሆኖ ይገኛል። ሲያጸዱ እሳት አጠገብ እንዳይሆኑ ይጠንቀቁ፤ ካጸዱም በኋላ በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት።

ሁለተኛው፣ የቢቱ መንሸራተት፣ ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ነው፤ ምክንያቱም ይህ የሥራ ጥራት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአካል ደኅንነት ጉዳይ ነው። በአገራችን ገበያ ላይ የሚሸጡት ቢቶች ሁለት ዓይነት ዘንግ አላቸው። አንደኛው በሜትሪክ ልኬት የተሠራ 6፣ 8 እና 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሁለተኛው በኢንች የተሠራ፣ ማለትም 6.35 እና 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ በአንድ ሣጥን ተደባልቀው ይሸጣሉ። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ዘንግ በባለ 12.7 ኮሌት ውስጥ ገብቶ ዳዶው ቢጠብቅ እጅዎ ላይ የጠበቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ኮሌቱ የሚነክሰው በሙሉ ገላው ሳይሆን በጥቂት ነጥቦች ላይ ስለሆነ ሥራ ሲከብድ ቢቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። 10 ሚሊ ሜትር ብለው የጀመሩት ቦይ መጨረሻው 13 ሆኖ የሚገኘው በዚህ ነው። ከዚህም አልፎ ቢቱ ጨርሶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ያሉዎትን ቢቶች በሙሉ በካሊፐር (ውፍረት በትክክል መለኪያ መሣሪያ) ለክተው ሜትሪኩን ከኢንቹ ይለዩና የማሽንዎ ኮሌት የየትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ካሊፐር ከሌለዎት አቅራቢያዎ ያለ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ይለካልዎታል።

ኮሌቱ ትክክለኛ ሆኖም ሊያረጅ ይችላል። ውስጡ ቡናማ እድፍ ካለው ወይም መሰንጠቂያዎቹ መካከል ሰጋቱራ ከተጠቀጠቀ እንደ ቢቱ በላምባ ያጽዱት፤ በብርጭቆ ወረቀት ግን በፍጹም አይሹት፤ ልኬቱን ያበላሽብዎታል። ቢት ሲያስገቡም እስከ መጨረሻው ከወረደ በኋላ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ መለስ አድርገው ዳዶውን ያጥብቁ፤ ዳዶው ሲጠብቅ ኮሌቱ ቢቱን ይዞ ወደ ታች ስለሚሳብ፣ ቢቱ ከሥር ከነካ የሚጠብቀው በግማሽ ብቻ ነው።

አሁን የማሽኑን እውነተኛ ጤንነት የሚያውቁበትን ፈተና ላሳይዎት። ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ። ልኬቱ ከኮሌቱ ጋር የሚስማማ፣ ቀጥ ያለና ያልተጎዳ የብረት ዘንግ ኮሌቱ ውስጥ አስገብተው ያጥብቁ። አንድ ጠርዙ የተስተካከለ ጠንካራ እንጨት፣ ወይራ ቢሆን ይመረጣል፣ ከማሽኑ መቀመጫ ጋር በክላምፕ አስረው ዘንጉን ለመንካት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ያስጠጉት። በመካከሉ ከተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት የተቆረጠ ቁራጭ ያስገቡ፤ ወረቀቱ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወረቀቱ ሲሳብ ጥቂት ያዝ እስኪያደርግ ድረስ እንጨቱን ያስጠጉና ዘንጉን በእጅዎ ቀስ አድርገው አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩት። በየሩብ ዙሩ ወረቀቱን ሳብ ሳብ ያድርጉት። ዙሪያውን በአንድ ዓይነት ስሜት የሚሳብ ከሆነ ማሽንዎ ደህና ነው። በአንድ በኩል ጭራሽ አልሳብ ብሎ በሌላው በኩል ልቅ ከሆነ ግን ዘንጉ ወለምታ አለው፣ ማለትም ሲዞር ከመሐሉ ይወጣል፤ ይህ ደግሞ ለጥሩ ሥራ አይሆንም። በዚህ ጊዜ ሌላ ኮሌት ቀይረው ይሞክሩ። ወለምታው ከጠፋ ጥፋቱ የኮሌቱ ነበር። ካልጠፋ ዘንጉን ይዘው ወደ ጎን ያነቃንቁት፤ ከተነቃነቀ ኩሽኔታው አርጅቷል። ኩሽኔታው ላይ የተጻፈው ቁጥር ዓለም አቀፍ ስለሆነ ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር የኩሽኔታ መሸጫ ሱቆች ውስጥ ተመሳሳዩን ማግኘት ይቻላል፤ ለከፍተኛ ዙር የሚሆን መሆኑን ግን ጠይቀው ያረጋግጡ። ኩሽኔታው ተቀይሮም ወለምታው ካልጠፋ የዘንጉ መቀመጫ ራሱ ተበላሽቷልና ያን ጊዜ ማሽኑን በመጠገን ገንዘብ አያባክኑ።

ሦስተኛው ችግርዎ ከሰዓት በኋላ አቅም ማጣቱ ነው። ይህን ከማሽኑ ላይ ከመፈለግ ይልቅ ከመስመሩ ላይ መፈለግ ይሻላል። ማሽኑ የተሠራው ለ220 ቮልት ነው። መስመሩ ላይ ብዙ ተጠቃሚ በሚኖርበት ሰዓት ቮልቴጁ ወደ 180 ከወረደ ሞተሩ ከአቅሙ ሲሶ ገደማውን ያጣል። በዚህ ላይ ረጅምና ቀጭን የማራዘሚያ ገመድ ሲጨመር ሁኔታው ይከፋል። ለምሳሌ 30 ሜትር ርዝመት ያለውና ሽቦው 0.75 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ 10 አምፒር ሲያልፍበት ብቻውን 14 ቮልት ይበላል፤ በዚያው ርዝመት ያለ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ የሚበላው ግን 4 ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ ቮልቴጁን በቴስተር ሲለኩ ማሽኑ ቆሞ ሳይሆን እየቆረጠ ሳለ፣ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ገመዱ መጨረሻ ላይ ይለኩት። ገመዱንም ጠቅልለው አይጠቀሙበት፤ የተጠቀለለ ገመድ በሥራ ሰዓት ይግላል፣ ሲብስም ላስቲኩ ይቀልጣል። ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ ማስተካከያ) ለመግዛት ካሰቡ ትንሹን አይግዙ፤ የ3612 ዓይነት ራውተር ቀስ ብሎ የሚነሣበት ሥርዓት ስለሌለው ሲነሣ የሚስበው ኃይል ላዩ ላይ ከተጻፈው ብዙ እጥፍ ነውና ከ5 ኪሎ ቮልት አምፒር በታች የሆነ ስታቢላይዘር ይቸገራል።

ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በራሳቸው ማራገቢያ በሚስቡት አየር ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አገሮች አየር ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ ልዩነቱ አንድ አምስተኛ ይደርሳል። የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ አያወጣም። ስለዚህ ማሽኑ ያለ ዕረፍት ለረጅም ጊዜ ከባድ ሥራ ከሠራ በኋላ ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ ያለ ሥራ ለአንድ ደቂቃ ያህል እንዲዞር ቢያደርጉት ሞተሩ ይቀዘቅዛል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። የአየር ማስገቢያዎቹ በሰጋቱራ እንዳይደፈኑ በየዕለቱ ይጥረጉ።

እስካሁን የዘረዘርኩት ሁሉ በአነስተኛ ወጪ የሚስተካከል ነው። አሁን ወደ ፓኔሉ እንምጣ፤ በእኔ አስተያየት የጥያቄዎ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ከበሩ ፓኔል ዙሪያ ያለውን ስሎፕ (ዘቅዘቅ ያለ ጠርዝ) ለማውጣት የሚያገለግለው ቢት ስፋቱ እስከ 80 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። አንድ 25 ሚሊ ሜትር ቢት በደቂቃ 22,000 ዙር ሲዞር የስለቱ ጫፍ በሰከንድ 29 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህ ጤናማ ነው። በዚያው ፍጥነት ባለ 80 ሚሊ ሜትሩ ቢት ጫፍ ግን በሰከንድ 92 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም በሰዓት ከ330 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት እንጨቱ መቃጠሉ ትንሹ ነገር ነው። ዋናው አደጋ የተበየደው ካርባይድ ተገንጥሎ ሊወረወር፣ የቢቱ ዘንግ ሊጎብጥ ወይም ማሽኑ ከእጅ ሊያመልጥ መቻሉ ነው። ለቢት ስፋት የሚመከረው ፍጥነት እስከ 25 ሚሊ ሜትር ድረስ ከ22,000 እስከ 24,000፣ እስከ 50 ሚሊ ሜትር ድረስ 18,000፣ እስከ 65 ሚሊ ሜትር ድረስ 16,000፣ ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ 12,000 ዙርና ከዚያ በታች ነው። የእርስዎ ማሽን ፍጥነቱ ስለማይቀነስ ሰፊውን የፓኔል ቢት በምንም መልኩ አይግጠሙበት። ይህን በጥብቅ እላለሁ፤ እስካሁን ሲገጥሙበት ኖረው ከሆነም ዛሬውኑ ያቁሙ። እንደ መብራት መቀነሻ ያለ የውጭ ፍጥነት መቀነሻ ቢያስሩበት ማሽኑ በዝግታ መዞሩ አይቀርም፤ ሆኖም ሥራ ሲከብደው ፍጥነቱን የሚጠብቅበት ሥርዓት ስለሌለው ይደክማል፣ እያጉረመረመም ይቆማል።

እንግዲህ ማሽን የሚቀይሩበት ቅን ምክንያት ይህ ነው፤ ፍጥነቱ የሚስተካከልና ሥራ ሲጫነው ፍጥነቱን ራሱ የሚጠብቅ ማሽን ያስፈልግዎታል። ግን ኦኤፍ 1400 ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው? ስሙ እንደሚያመለክተው ኃይሉ 1,400 ዋት ነው፤ የእርስዎ ማሽን የተቀዳበት 3612 ግን 1,650 ዋት አለው። ኦኤፍ 1400 ፍጥነቱን ከ10,000 እስከ 22,500 ዙር ድረስ ማስተካከል ይቻላል፤ ያም ሆኖ ኤሌክትሮኒክሱ ፍጥነቱን ሊጠብቅ የሚችለው ከጀርባው ትርፍ ኃይል እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በተለይ ቮልቴጅ በሚወርድበት መስመር ላይ ሰፊ ቢት ሲጫነው ትርፉ ቶሎ ያልቃል። አምራቹ ራሱ ለከባድ ሥራ ያዘጋጀው 2,200 ዋት ያለውን ኦኤፍ 2200 ነው፤ እሱም 8 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ዋጋውም ከዚህኛው የበለጠ ነው። ለፓኔል ሥራ ከሆነ የሚገዙት፣ እኔ የምመርጥልዎት በመካከለኛ ዋጋ ያለውን ባለ ፍጥነት ማስተካከያ ትልቅ ማሽን ነው፤ ለምሳሌ ማኪታ 3612ሲ፣ ወይም 2,100 ዋት ያለውንና ከ9,000 እስከ 22,000 ዙር የሚስተካከለውን ማኪታ አርፒ2301ኤፍሲ፣ ወይም ዲዋልት ዲደብሊው 625። ይህ የመጨረሻው ከቀድሞው የጀርመን ኤሉ ኤምኦኤፍ 177 የወረደ አሮጌ ንድፍ ነው፤ ንድፉ ለብዙ ዓመታት ሳይቀየር በመቆየቱ መለዋወጫውን መፈለግ የቀለለ ነው።

ስለ ኦኤፍ 1400 ክፉ እያወራሁ እንዳይመስልዎት። በእጄ ከያዝኳቸው ራውተሮች ሁሉ ለሠራተኛው የታሰበበት ከሚባሉት አንዱ ነው። ክብደቱ 4.5 ኪሎ ብቻ ሲሆን፣ የ3612 ዓይነቱ 6 ኪሎ ገደማ ነው፤ ይህ ልዩነት ቀኑን ሙሉ የካቢኔት ጠርዝ ለሚሠራ ሰው ትከሻና ክንድ ትልቅ እፎይታ ነው። ጥልቀቱን በ0.1 ሚሊ ሜትር ደረጃ ማስተካከል ይቻላል። ዳዶውን ሲያጠብቁ ቁልፉን እያወጡ መልሰው መግጠም አያስፈልግም፤ ዘንጉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞር አድርጎ ይይዝልዎታል። ከሜትሪክም ከኢንችም የሆኑ ኮሌቶች ይገጠሙለታል። ሰጋቱራ መሳቢያው ደግሞ ከቢቱ ሥር ጀምሮ ስለሚይዝ፣ በተለይ ኤምዲኤፍ ላይ የሚያስገርም ሥራ ይሠራል።

የሰጋቱራን ነገር አቃልዬ አላልፈውም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የእንጨት አቧራን እ.ኤ.አ. በ1995 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች መድቦታል፤ በኤምዲኤፍ ሙጫ ውስጥ ያለውን ፎርማልዲሃይድንም በ2004 እዚያው ምድብ አስገብቶታል። የኪችን ካቢኔት ሥራ እየበዛልዎት ከሄደ የሚተነፍሱት ነገር የሚያሳስብ ነውና፣ ለውድ ማሽን ለመክፈል የሚያበቃ ምክንያት ቢኖር አንዱ ይኸው ነው። ዳሩ ግን መሳቢያው ብቻውን አይስብም፤ ከራውተሩ ጋር የሚያያዝ አቧራ መሳቢያ ማሽን ካልተገዛ ያ ሁሉ ጥቅም ይቀራል። የራውተሩን ዋጋ ሲያሰሉ የመሳቢያውንም አብረው ያስሉ። እስከዚያው ድረስ በር ከፍተው ይሥሩ፤ ኤን 95 የሚባለውን ማስክም ሳያደርጉ ኤምዲኤፍ አይቁረጡ፤ ረዳቶች ካሉዎት እነሱም ጭምር ያድርጉ።

ስለዚህ ኦኤፍ 1400 የሚያዋጣው ዋና ሥራው ካቢኔትና የጠርዝ ሥራ ለሆነ፣ ደንበኛ ቤት ውስጥ ገብቶ ለሚገጥም፣ አቧራ መሳቢያም ላለው ባለሙያ ነው። ሥራዎ ወደዚያ እያደላ ከሄደ ከአንድ ወይም ሁለት ዓመት በኋላ ጥያቄውን እንደገና ቢያነሡት መልሴ ሊለወጥ ይችላል።

ወዳጅዎ የትም አገር ሆኖ ቢገዛ አንድ ነገር ያስጠንቅቁት። ለአሜሪካ ገበያ የሚሸጠው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ እዚህ በቀጥታ ሶኬት ላይ ቢሰካ በቅጽበት ይቃጠላል። እንግሊዝ አገርም ለግንባታ ቦታ ተብለው በ110 ቮልት የሚሠሩ ማሽኖች ይሸጣሉ። ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ምልክት ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልዎት ጠይቀው ከ220 እስከ 240 ቮልት መሆኑን አይተው እንጂ በቃል ብቻ አይስማሙ።

መለዋወጫንም አስቀድመው ያስቡ። የማንኛውም ራውተር ካርቦን (ለሚዞረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ቁራጭ) ያልቃል፣ ማብሪያ ማጥፊያው ይበላሻል፣ ኮሌቱ ያረጃል። የ3612 ዓይነት ማሽን ብዙ ቅጂዎች ስላሉት የአንዱ ካርቦን ለሌላው የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሌላው ቢጠፋ ባሕር ዳር ይገኛል። ውድ ማሽን ሲሆን ግን ትንሿ ዕቃ እንኳ ከአዲስ አበባ፣ አለዚያም ከውጭ ልትመጣ ነው፤ ዓባይ በረሃን ተሻግራ እስክትደርስ፣ መንገድ ከተዘጋም እስኪከፈት ድረስ ሥራ ቤትዎ ይቆማል። የጥር ሠርግ ደርሶ የተከፈለባቸው ቡፌና አልጋ ሳይጠናቀቁ ማሽን ቢቆም የሚደርሰው ኪሳራ ከማሽኑ ዋጋ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የትኛውንም ማሽን ቢገዙ ሁለት ጥንድ ካርቦንና አንድ ትርፍ ኮሌት አብረው ይግዙ፤ ሻጩ እነዚህን ማቅረብ ካልቻለ ማሽኑንም ከእሱ አይግዙ። የታወቀ ስም የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ማሽንም ገበያ ላይ ስላለ፣ ዋጋው በጣም የረከሰ «ኦሪጅናል» ሲቀርብልዎት የሽያጭ ሰነድና ዋስትና ይጠይቁ።

ስለ ገንዘቡ ዝርዝር ዋጋ አልጻፍኩልዎትም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የምጽፈው ነገ ያሳስትዎታል። በምትኩ ለአንድ ወር ያህል ራውተርዎ በየቀኑ ስንት ሰዓት በትክክል እንደሚዞር፣ ለየትኛው ሥራ እንደዋለ፣ በቢትና በማቃጠል ምክንያት የተበላሸ እንጨት ካለም ስንት ብር እንደሆነ ደብተር ላይ ይመዝግቡ። በቀን ከአንድ ሰዓት በታች የሚዞር ከሆነ ውዱ ማሽን ዋጋውን እስኪመልስ ብዙ ዘመን ይፈጅበታል። ዕቁብ ወጥቶልዎት ወይም ተቀማጭ ኖሮዎት ካልሆነ በቀር ለራውተር ብለው አይበደሩ፤ የብድር ገንዘብ ከዚያ በፊት ለደረቅ ዋንዛ ቢውል ይበልጥ ይጠቅምዎታል። ያልደረቀ እንጨት ላይ የትኛውም ራውተር ንጹህ ሥራ አይሠራም፤ ፓኔሉም በኋላ ተሰንጥቆ ደንበኛው ይመልስብዎታል።

መካከለኛውን ባለ ፍጥነት ማስተካከያ ማሽን ከገዙ በኋላ አሮጌውን አይሽጡት። ከጠረጴዛ ሥር ገልብጠው ቢያስሩት በእጅ ለመያዝ የሚያስቸግሩ ጠባብ ጣውላዎችን ጠርዝና ቦይ ለማውጣት ያገለግላል፤ እንደነገርኩዎት ግን ሰፊውን የፓኔል ቢት አይግጠሙበት። ጠረጴዛ ላይ ሲያስሩት የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ራሱ የማይነሣ ማብሪያ ያስገጥሙለት። እንደኛ መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት አካባቢ፣ ማብሪያው እንደበራ ተረስቶ ሳለ መብራት ሲመጣ በድንገት የሚነሣ ማሽን ጣት ይቆርጣል። አዲስ የሚገዙት ማሽንም ይህ መከላከያ እንዳለው ይጠይቁ፤ አንዳንዶቹ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የላቸውም።

ለወዳጅዎ ግን «ተወው» አይበሉት። በማሽኑ ፈንታ ጥራት ያላቸው የካርባይድ ቢቶችን እንዲያመጣልዎት ይጠይቁት፤ የጣሊያኖቹ ሲኤምቲና ፍሮይድ የታወቁ ናቸው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ዘንግ የሆኑ ቀጥ ያሉ ሁለት ቢቶች፣ ከኩሽኔታ ጋር የሚመጣ፣ የሞዴልን ቅርጽ ተከትሎ ለመቁረጥ የሚሆን አንድ፣ ለኤምዲኤፍ ብቻ የሚለይ አንድ፣ ከእነዚህም ጋር ለማሽንዎ የሚሆን አንድ ትክክለኛ የ12 ሚሊ ሜትር ኮሌት ያምጣልዎት። ማኪታ 3612ን ስም ጠቅሶ ኮሌቱን እንዲጠይቅ ይንገሩት፤ ከመክፈሉ በፊትም የማሽንዎን ኮሌት ውጫዊ ልኬትና የዳዶውን ጥርስ በካሊፐር ለክተው ይላኩለት፤ ቅጂ ማሽኖች አንዳንድ ጊዜ በጥቂቱ ይለያያሉና።